ለፎቶ የለበስኩት ቀሚስ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለፊርደውስ፤ ባለሽበት አገር የአላህ ሰላምና ረሕመት አይለይሽ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ወንድምሽ ሁዜይፋ ደህና ነው። ጎረቤታችን በዛች «ሰላም በይልኝ» ብላለች። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርሁ የምትጽፈው የሷ ልጅ ሀይማኖት ናት። አስተማሪ ሆናለች፤ ጽሑፏ እንደምታይው ያምራል።

ስልኩ ከጠፋ ሁለት ወር አለፈው። ጎረምሶቹ ኔትወርክ ፍለጋ ጋራ ይወጡና ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። መንገዱም አንድ ቀን ተከፈተ ሲሉ ሁለት ቀን ይዘጋል። ይህን የምልከው በሾፌሩ በሱፍያን እጅ ነው፤ በአቀስታ በኩል አድርጎ ደሴ ከወረደ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ስለሚሄድ፣ ወደ ኩዌት ለምትመለስ ሰው ይሰጥልኛል ብዬ ነው። የቤቱን ፎቶ አብሬ ልኬልሻለሁ። ቆርቆሮው ተመታ፣ በሩና መስኮቱ ተገጠመ። ሰው በመንገድ ሲያልፍ ቆሞ ያየዋል። ያንቺ የላብሽ ፍሬ ነው ልጄ፣ ገብተሽ ኑሪበት። መጋረጃ ብቻ ይቀረዋል፤ እዚያ አገር ያለው ጥሩ ነው ይላሉ።

ትልቁ ወሬ የሁዜይፋ ነው። ኒካሑ ለጥር ተቆርጧል። ልጅቷ የጨዋ ልጅ ናት። እንድትመጪ እፈልጋለሁ።

አሁን ደግሞ የምወቅስሽ አለኝ። ስልኩ ሳይጠፋ በፊት የሁዜይፋን ነገር ስነግርሽ «ጥሩ ነው» ብለሽ ዝም አልሽ። ወንድም ሲያገባ እልል አይባልም? አምና ለዕረፍት ስትመጪም አርባ ቀን ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የሄድሽው። በግ አረድሁ፣ ዘመድ ጠራሁ። «ምን ልሥራልሽ?» ስልሽ «ምንም»፤ «ምን አማረሽ?» ስልሽ «ምንም»። ሰው «ኩዌት ልቧን ወስዶታል» እያለ ያወራል። የሆንሽው ነገር ካለ ንገሪኝ። እናትሽ አይደለሁ?

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ ሀዲያ


ኩዌት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኪ እማዬ። አላህ ጉልበትሽን ያድንልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው። ለሁዜይፋ ሙባረክ ብላለች በይልኝ። እትዬ በዛችንም ሰላም በይልኝ።

ይህን ግን ብቻሽን አንብቢው። ቀስ እያልሽም ቢሆን ራስሽ አንብቢው እንጂ ለሀይማኖት አትስጫት።

ንገሪኝ ስላልሽ እነግርሻለሁ። የቤቱን ፎቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ስምንት ዓመት የሰው ወለል የወለወልኩት ለሱ ነው። ደስታው እስኪመጣ ጠበቅኩ። አልመጣም። የማላውቀው ሰው ቤት ነው የመሰለኝ። የሁዜይፋም ነገር እንደዚያው ነው። ሀዘን ቢሆን አውቀዋለሁ እማዬ፤ አባቴ ሲሞት አዝኛለሁ። ይሄ ሌላ ነው። እበላለሁ፤ ጨውና ስኳሩን እለያለሁ፤ ግን አይጥመኝም። ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ እግሬን እንደ ሰው እግር በእጄ አንሥቼ መሬት ላይ የማስቀምጥበት ቀን አለ። አምና በጉን ስታርጂ፣ ዘመዱን ሁሉ ስትጠሪ አይቼሻለሁ። ደስ ያለኝ ለመምሰል ሞክሬ ነበር። ግድግዳውን የተደገፍኩት ስለደከመኝ ነው።

የማገለግላቸው አሮጊት፣ ኡሙ ሳሊም፣ መርየም የምትባል ልጅ አለቻቸው። የአእምሮ ሐኪም ናት። ባለፈው ወር እናትየው ደመወዝ ጨመሩልኝ። እኔ «ሹክረን» ብዬ አመስግኜ ወደ ሳህኔ ተመለስኩ። መርየም ተከትላኝ ማድ ቤት ገባች።

«ፊርደውስ፣ የተባለውን አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ ዶክተር።»

«ታዲያ?»

«ጥሩ ነው።»

ትንሽ አየችኝና፣ «ለመጨረሻ ጊዜ ደስ ያለሽ መቼ ነው?» አለችኝ።

አሰብኩ። ውኃው ሳህኑ ላይ እየፈሰሰ፣ እሷ ቆማ እየጠበቀችኝ፣ ብዙ አሰብኩ። የምላት አጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እናቷን ስትጠይቅ እኔንም ትጠይቀኛለች። ድባቴ የሚባል ሕመም ነው አለችኝ። ስንፍና አይደለም፣ የእምነት መጉደልም አይደለም። ጭንቅላታችን ውስጥ ጥሩ ነገር ሲመጣ «ይሄ መልካም ነው፣ ወደዚህ ሂጂ» የሚል መንገድ አለ። ዶፓሚን የሚባል ነገር በዚያ ይመላለሳል። ሰው ገና ልጅ ሳለ፣ ያ መንገድ እየተሠራ ሳለ፣ ብዙ ከተሠቃየ መንገዱ እንደሚገባ ላይሠራ ይችላል። ሐኪሞች ሰዎችን መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው ጭንቅላታቸውን እያዩ «አሁን ሽልማት ልታገኚ ነው» የሚል ምልክት አሳይተዋቸዋል። ደህና ያደገው ሰው ያ መንገድ ያለበት ቦታ ነቃ ይልለታል፤ በልጅነቱ የተጎዳው ግን ደብዘዝ ይልበታል። «ልትከስሪ ነው» ሲባሉ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። «ሁሉም የተጎዳ ሰው እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የሕመሙ ምክንያትም ይሄ ብቻ አይደለም» ብላኛለች። ከዚያ ግን፣ «በልጅነትሽ ምን ደረሰብሽ?» አለችኝ።

ለሰው ነግሬው አላውቅም። አባቴ ሞቶ አንቺ ሪያድ ስትሄጂ ሁዜይፋን አያቴ አስቀረችው፤ እኔን አጎቴ ያሲን ወግዲ ወሰደኝ። ስድስት ዓመቴ ነበር። አንቺ የላክሽው ልብስ ሲመጣ የያሲን ሚስት ፀጉሬን ታበጥራለች፣ ቀዩን ቀሚስ ታለብሰኛለች፣ ፎቶ አንሺው ዘንድ እንሄዳለን። «ሳቂ፣ እናትሽ ታይሻለች» ትለኛለች። እስቃለሁ። ቤት ስንገባ ታወልቀውና ለልጇ ትሰጠዋለች። የመጀመሪያ ቀን ቀሚሱን ይዤ አለቀስኩ። ገርፋኝ ባዶው ጎተራ ውስጥ ከተተችኝና ክዳኑን ገጠመችው። በስንጥቁ የሚገባው ብርሃን ጠፍቶ እንደገና እስኪመጣ እዚያ ነበርኩ። ያንቺ ብስኩት ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ ታሳየኛለች፣ እጄን ስዘረጋ በእሳት መቆስቆሻው ትመታኛለች። አጎቴ ያያል፤ ይወጣል።

ቀስ በቀስ ጥሩ ነገር ሲመጣ ልቤ መዝለሉን ተወ። ይልቅ እጄን ወደ ኋላ መደበቅ ጀመርኩ። እንዳይነጥቁኝ ብዬ ነው እንግዲህ፣ አለመፈለግን ተማርኩ። ይህን ለመርየም ስነግራት ዓይኗን አበሰች። እኔ አላለቀስኩም።

ራሴን ለመጉዳት አስብ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አይ፣ ግን ባልነቃ አይከፋኝም» አልኳት። ስለዚህ ነው በየቀኑ የምታየኝ። አትፍሪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለዚያ ጊዜ አንቺ የምታውቂው አለ? ሐኪሟ ስትጠይቀኝ የምመልሰው እንዲኖረኝ ነው።

ለኒካሑ አልመጣም። መጋረጃውን ልኬያለሁ።

ልጅሽ ፊርደውስ


መካነ ሰላም፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ ለፊርደውስ፤ መጪውን ረመዳን በጤና ተቀብለው ከሚፆሙት ያድርግሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። መጋረጃው ደረሰ፣ ልክክ ብሎ ገባ።

የሁዜይፋ ኒካሕ አማረ። ከኩታበርም፣ ከወግዲም፣ ከከላላም ዘመድ መጣ። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ዳሱ ውስጥ ሰው እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ነው ያደረው። በዛች የክርስቲያኑን ምግብ ለብቻ አሰናድታ፣ ቤቷን ለእንግዳ ለቃ፣ ስንቱን አሳለፈችልኝ። መንዙማው እስኪነጋ ዘለቀ። የያሲን ሚስትም መጥታ ነበር። አርጅታለች፣ ዓይኗ አያይም ማለት ይቻላል። ላንቺ ሰላም ብላለች። ያሲን እንደምታውቂው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፤ በሙት ክፉ አይነገርም።

ስለጻፍሽው ነገር፣ ልጄ፣ ያለፈ አለፈ። በኛ አገር ያልተገረፈ ልጅ የለም፤ እኔም ተገርፌ ነው ያደግሁ። ብቻሽን መሆንሽ ነው እንዲህ የሚያሳስብሽ። ሸኹ ዱዓ አድርገውልሻል፤ የዘምዘም ውኃና ጥቁር አዝሙድ ልኬያለሁ፣ በባዶ ሆድ ጠጪው። ደግሞ አንድ ደህና ሰው አለ፣ ነጋዴ ነው፣ ጠይቆሻል። ሴት ልጅ ትዳር ስትይዝ፣ ልጅ ስትወልድ፣ ያ ሁሉ ይለቃታል። ነይና አግቢ። ቤቱ ባዶውን ነው ያለ።

ስለዚያ ጊዜ እኔ የማውቀው የለም። ሩቅ ነበርሁ።

አላህ ልብሽን ያስፋልሽ።

እናትሽ ሀዲያ

እኅቴ ፊርደውስ፤ ጸሐፊዋ ሀይማኖት ነኝ። ይህን የጨመርኩት እትዬ ሀዲያ ሳያውቁ ነው። ምን እንደጻፍሽላቸው አላውቅም፤ አላሳዩኝም። ግን ደብዳቤሽ ከደረሳቸው ወዲህ ደህና አይደሉም። ከብብታቸው አያወጡትም። በሠርጉ ቀን ያቺ የወግዲ ሴትዮ ስትገባ ምንጣፍ አነጠፉላት፣ ምግብ አቀረቡላት፣ ከዚያ ጓሮ ሄደው አስመለሳቸው። «ስለዚያ ጊዜ የማውቀው የለም» የሚለውን ሲያጽፉኝ ሦስት ጊዜ አስቀይረውኛል። እባክሽ አትቀየሚያቸው።


ኩዌት፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰላም ለአንቺ ይሁን እማዬ።

ስልኩ መመለሱ ጥሩ ነው። ግን በስልክ የምንባባለውን ታውቂዋለሽ። «ደህና ነሽ?» «ደህና።» «ደብዳቤው ደረሰሽ?» «ደረሰኝ።» ከዚያ ያንቺን ትንፋሽ እሰማለሁ፣ አንቺም የኔን፣ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ።

የዘምዘሙን ውኃ ጠጥቻለሁ። መድኃኒትም ጀምሬያለሁ። መርየም «ስምንት ሳምንት ጠብቂ» ብላኝ ጠበቅኩ። እንቅልፌ ተስተካከለ፣ እግሬን በእጄ ማንሣት ተውኩ። ደስታ ግን የለም። «በመድኃኒት ብቻ አይደለም፤ በየሳምንቱ ከሰው ጋር መነጋገርና ትንንሽ ነገሮችን እየሠሩ መለማመድ ያስፈልጋል» አለችኝ። በየቀኑ ሩብ ሰዓት በረንዳ ላይ ተክሎቹን ውኃ እንዳጠጣ አዘዘችኝ፤ ደስ ይበለኝም አይበለኝም። አጠጣለሁ። እሷ ግን በነሐሴ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ትሄዳለች። ከሷ በኋላ የሚያነጋግረኝ የለም።

ስለ ጋብቻው አመሰግናለሁ። ሰውየውን አላውቀውም፤ ክፉም አልመኝለትም። ምንም የማትፈልግ ሴት ምን ያደርግለታል?

«የማውቀው የለም» ያልሽውን አነበብኩ። ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ወግዲ ትምህርት ቤት መምህር ካሳ የሚባሉ ነበሩ። አንድ ቀን ቢሮ ወስደው ቴፕ ፊት አስቀመጡኝና «ለእናትሽ የምትፈልጊውን ንገሪያት» ያሉኝ ይመስለኛል። ቴፑ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ትበራ ነበር። ተናግሬያለሁ። ከዚያ አንቺ ትመጫለሽ ብዬ መንገድ መንገድ አይ ነበር። ወር ይሁን ዓመት አላውቅም።

ሕልም ሊሆን ይችላል። ልጅ ብዙ ነገር ያልማል። ሕልም ነው በይኝ፣ አምንሻለሁ።

ፊርደውስ


መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊርደውስ። አላህ ይጠብቅሽ።

ይህን ራሴ ነኝ የምጽፈው። አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁ፤ ፊደሌ ይንጋደዳል፣ ታገሺኝ። አምስት ወር የዘገየሁት መንገድ ተዘግቶ አይደለም። እጀምራለሁ፣ እቀደዋለሁ። አንድ ጊዜ «ሕልም ነው» ብዬ ጽፌ ለሱፍያን ሰጥቼው ነበር። መኪናው ሳይነሣ ሮጬ ተቀበልሁት።

ሕልም አይደለም።

ካሴቱ ደርሶኛል። ሪያድ ሁለት ዓመቴ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አንዲት የወግዲ ልጅ አመጣችልኝ። ማድ ቤት በሩን ዘግቼ፣ ድምፁን ቀንሼ ሰማሁት። መጀመሪያ መምህሩ ናቸው። «ወይዘሮ ሀዲያ፣ ልጅዎ ተጎድታለች። ክፍል ውስጥ አትናገርም፣ ከልጆች ጋር አትጫወትም። ጀርባዋን አይቻለሁ። እባክዎ ቢችሉ ይምጡ» አሉ። ከዚያ ያንቺ ድምፅ መጣ። «እማዬ ነይ» አልሽ። መምህሩ «ሌላስ?» ሲሉሽ «ሌላ የለም፣ ነይ ብቻ» አልሽ።

በዚያው ሳምንት የምሠራላት እመቤት ጠራችኝ። ፓስፖርቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «ውልሽ አልቋል። ትሄጃለሽ ወይስ ታድሻለሽ?» አለችኝ። ማንም አልያዘኝም ነበር ልጄ። ለሰው ሁሉ «ከልክለውኝ ነው» ብያለሁ። ላንቺም ብያለሁ። ውሸት ነው።

«አድሳለሁ» አልኋት። ሦስት ዓመት ጨመርሁ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ምክንያት ነው ብዬ ሳይሆን እንድታውቂው ነው። አባትሽ ሲሞት ከቤቱ ያወጡኝ ወንድሞቹ ናቸው። ባዶ እጄን ብመለስ ሦስታችንም ያሲን ደጅ ላይ እንወድቃለን አልሁ። መጀመሪያ መካነ ሰላም ቦታ ልግዛ፣ ከዚያ እወስዳታለሁ አልሁ። ለያሲን «ልጄን አደራ» ብዬ ልብስና ብስኩት ጨምሬ ላክሁ። ያ የሚጠብቅሽ መስሎኝ ነበር። የላክሁት ሁሉ የመመታትሽ ሰበብ እንደሆነ ከደብዳቤሽ ነው ያወቅሁት።

ፎቶሽ ይመጣል። ቀዩን ቀሚስ ለብሰሽ ትስቂያለሽ። «ይኸው ትስቃለች፣ መምህሩ አጋነኑ» እላለሁ። ከድምፅሽ ይልቅ ፎቶሽን አመንሁ። ካሴቱን ግን ማታ ማታ መስማቴን አልተውሁም። ሥራ መሥራት አቃተኝ። አንድ ቀን በላዩ መንዙማ ቀዳሁበት። ነቢን እያወደስሁ ያንቺን ድምፅ አጠፋሁ። አላህ ይቅር ይለኝ እንደሆን አላውቅም።

ስመለስ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። ሁዜይፋ አላወቀኝም፤ አለቀሰ፣ ሸሸ። በሦስተኛው ቀን ጭኔ ላይ ተኛ። አንቺ ግን ቀርበሽ እንደ እንግዳ እጄን ሳምሽ። «እንኳን ደህና መጡ» አልሽኝ። በአንቱታ። ያን ቀን አውቄያለሁ። ግን ትልቅ ትሆናለች፣ ትረሳዋለች አልሁ። ስታድጊ ዝም ያልሽ፣ የማታስቸግሪ ልጅ ሆንሽ፤ ሰው «እንዴት ያለች ጨዋ አሳደግሽ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የያሲን ሚስት ሠርጉ ላይ ስትመጣ ምን አፍ አለኝ? እሷ መታችሽ፤ እኔ እያወቅሁ ተውሁሽ። ምንጣፍ አነጠፍሁላት።

ኩዌት ልመጣ ፈልጌ ነበር። ፓስፖርት ለማውጣት ጀመርሁ። ከዚያ የጉዞ ወኪሉ ልጅ ዕድሜዬን ጠይቆ ሳቀ። «እማማ፣ በሥራ አይወስዱዎትም፤ ለጥየቃ ደግሞ ልጅዎ ራሷ ሠራተኛ ናትና ልትጠራዎት አትችልም» አለኝ። ሁለት ሌሎች ጋ ሄድሁ። ያው ነው።

ደሴ ሆስፒታል ሄድሁ። የአእምሮ ክፍል ብርሀንነሽ የምትባል ነርስ አለች። ያንቺን ደብዳቤ አነበብሁላት። የዶክተሯ ቃል እውነት ነው አለችኝ። «በሽተኛዋ የት ናት?» አለችኝ። «ኩዌት» አልኋት። «እናቴ፣ እኔ እዚህ ሆኜ እዚያ ያለችን ሰው ማከም አልችልም» አለች። «እኔስ ምን ላድርግ?» አልኋት። «ያደረጉትን እውነቱን ይንገሯት። ትድናለች ብዬ አይደለም፤ እውነቱ የሷ ነውና» አለችኝ።

ይኸው ነገርሁሽ።

ሀዲያ


ኩዌት፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ለቅሶም ጠበቅኩ። አልመጣም። አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሕልም አለመሆኑን ሳውቅ ትከሻዬ ወረደ። እብድ እንዳልሆንኩ አወቅኩ። እሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን ለፎቶ እንደ መሳቅ ይሆንብኛል። ከልክዬሽ አይደለም፤ ስፈልገው አጣሁት። የመጣ ቀን እነግርሻለሁ። ካልመጣም አልልሽም፤ እንዳልዋሽሽ ነው።

«ባዶ እጄን ብመለስ» ያልሽውን ግን ገብቶኛል። እዚህ ያሉት ሁሉ የሚሉት እሱን ነው። እኔም ልጅ ቢኖረኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ኡሙ ሳሊም በኅዳር ሞቱ። አላህ ይማራቸው፤ አልበደሉኝም። እጃቸውን ይዤ ነበር። ቤቱ ሊዘጋ ነው። ልጆቻቸው «ሌላ ቤት እናስገባሽ ወይስ አገርሽ ትገቢያለሽ?» አሉኝ። አንድ ቀን ሙሉ የትኛውን እንደምፈልግ ራሴን ጠየቅኩ። መልስ የለም። መርየም በስልክ፣ «ፍላጎትሽን አትጠብቂ፣ ሐኪም ያለበትንና የሚያውቅሽ ሰው ያለበትን ምረጪ» አለችኝ። እዚህ ሐኪም አለ ግን ያለሷ የሚያስገባኝ የለም። ስለዚህ እመጣለሁ። በየካቲት መጨረሻ ነው።

ናፍቀሽኝ ነው ብዬ አልዋሽሽም። እንድታውቂው ብዬ ነው።

የመድኃኒቱን ስም በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። ይዤ የምመጣው የአንድ ወር ብቻ ነው፤ በድንገት ማቆም አይቻልም። ያችን ነርስ ጠይቂልኝ። ደሴ ካልተገኘ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

በግ አትረጂ። ዘመድ አትጥሪ። ያ የጠየቀኝ ሰውዬም እንዳይመጣ። ስታይኝ ፊቴ ላይ የምትፈልጊው ነገር ይኖራል፤ አታገኚውም፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ፤ እኔ ደግሞ አባብልሻለሁ። እሱን አልችለውም እማዬ። ማልቀስ ካለብሽ አልቅሰሽ ጨርሰሽ ጠብቂኝ።

ፊርደውስ


ደሴ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፊርደውስ።

ይህን ቦሌ ስትወርጂ ሱፍያን ይሰጥሻል። አምነሽ አብረሽው ነይ፤ ደህና ልጅ ነው፣ ወሬም አያበዛም።

መድኃኒቱን አራት ፋርማሲ ጠየቅሁ። ያ ስም የለም። ብርሀንነሽ «ተመሳሳይ አለ፣ ግን ሐኪሙ ሳያያት አልሰጥም» አለች። ይስማማት ይሆን ስላት «ሞክረን ነው የምናየው» አለች። ሌላ ቃል እንድትጨምር ቆሜ ጠበቅኋት። አልጨመረችም። ሐኪሙ ሰኞ ሰኞ ነው የሚገባ፤ ወረፋሽን አስይዣለሁ።

የመካነ ሰላም መንገድ ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተዘጋ። አንቺ በመጣሽ ቀን ቢዘጋብኝ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ቀድሜ ወረድሁ። የምኖርበትን ቤት ለሁዜይፋና ለሚስቱ ለቅቄላቸዋለሁ። እዚህ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሁለት አልጋ አለው። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፤ ጫጫታ አለው። ሕክምናሽ እስከሚጠይቀው ድረስ እንቀመጥበታለን።

ለማንም አልነገርሁም። ያልሽኝን ለማድረግ እየሞከርሁ ነው፤ ለቅሶው ግን አላልቅ ብሎኛል። የቀረውን ውጭ ወጥቼ አለቅሰዋለሁ።

«ነይ» ያልሽኝ ጊዜ መምጣት እችል ነበር፣ አልመጣሁም። አሁን ልምጣ ስል ኩዌት ድረስ አልቻልሁም። አቅሜ እስከ ደሴ ነው። ደሴ ነኝ።

ሀዲያ